«ኢትዮጵያዊት ሆኜ እንዴት ቀርፋፋ ሆንኩ?»፦ የጀማሪ ሯጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀማሪዎች ጋር ሶምሶማ መውጣት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ግን ብዙ ሰው ሲጀምር አይቻለሁ፣ ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር ሲያቆምም አይቻለሁ። ያቆሙበት ምክንያት ሁሌም ያሳዝነኛል፤ አብዛኞቹ «ቀርፋፋ ነኝ» ብለው ነው የቀሩት። ስለ ፍጥነት የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ ያልኩትም ለዚህ ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ሩጫ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንቴ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ገርጂ አካባቢ እሮጣለሁ። ስልኬ አንዱን ኪሎ ሜትር በ9 ደቂቃ እንደምጨርስ ይነግረኛል። አብራኝ የጀመረችው ጓደኛዬ 7 ደቂቃ ገብታለች። ባለፈው ደግሞ አንድ ሰውዬ በእርምጃ አለፉኝ። ለሩጫ አልተፈጠርኩም ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ወጥተሻል። ከዚህ ጥያቄሽ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ አንቺ ግን አልፈሽው ሄድሽ።

በዝግታ ስትሮጪ ሰውነትሽ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልንገርሽ። ልብሽ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል። በእግርሽ ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ኦክስጅንን ወደ ጉልበት የሚቀይሩት የሴል ክፍሎች፣ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት፣ በቁጥርም በመጠንም ያድጋሉ። ይህ ሁሉ የሚመጣው ሳታቋርጪ በቆየሽበት ደቂቃ ብዛት ነው። ጓደኛሽን ለመከተል በ7 ደቂቃ ብትነሺ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሽሽ ይቆረጣል፣ በማግሥቱ እግርሽ አይነሳም፣ ሐሙስ ትቀሪያለሽ። በ9 ደቂቃ ግን ግማሽ ሰዓት ትቆያለሽ፣ ሐሙስም ትመለሻለሽ።

አንድ ያየሁትን ላካፍልሽ። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነው፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። አሥራ ሁለት የሚሆኑ አትሌቶች በአንድ መስመር ተከታትለው በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ መጡ። ከኋላ ያለው ከፊቱ ያለው እግሩን ያነሳበት ቦታ ላይ ይረግጣል፣ ከደረቅ ቅጠል ኮሽታ በቀር ድምፅ የለም። ፍጥነታቸው ዱብ ዱብ ከማለት አያልፍም። በዚያው ሰዓት እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ቁልቁለቱን ሲወርዱ አለፏቸው። ከአትሌቶቹ አንዱም ቀና አላለም። የዚያን ዕለት ሥራቸው ቀስ ብሎ መሮጥ ስለነበር ቀስ ብለው ሮጡ።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲገባ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ነበር የሮጠው። ያንን ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በፊት በዝግታ የተሮጡትን ብዙ ጠዋቶች ግን ማንም በቴሌቪዥን አላሳየንም። ፍርሃታችን ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ሩጫ ብለን የምናውቀው የውድድሩን ቀን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ቀስ ማለቴ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የልብ ምት የሚለካ ሰዓት የለኝም።

መልስ፦ አያስፈልግህም። እየሮጥክ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መናገር ከቻልክ ልክ ነህ። አብሮህ የሚሮጥ ካለ የሰፈር ወሬ አውሩ፤ ብቻህን ከሆንክ የእናትህን ሙሉ ስም እስከ አያቷ ድረስ ጥራ። ስሙ መሀል ላይ አየር ካጠረህ ፍጥነትህን ቀንስ። ቀንሰህም ካልሆነ በእግር ሂድ።

ጥያቄ፦ እየሮጡ መሀል ላይ በእግር መሄድ እንደ ሩጫ ይቆጠራል?

መልስ፦ አዎ። አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንኑ ስምንት ጊዜ መደጋገም ለመጀመሪያ ሳምንት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ እያለሁ ኪሎ ሜትሩን በ7 ደቂቃ እሮጥ ነበር። ለሥራ አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ 8 ደቂቃ እንኳን ያቅተኛል። ታምሜ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽቅብ ወጥተሃል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባህ ኦክስጅን ያንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ሰውነትህ ቀይ የደም ሴሎችን እየጨመረ ይለምደዋል፣ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ የሐዋሳውን ሰዓት ተወው። መሮጫህ ዋና መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ መኪና ሳይበዛ በጠዋት ውጣ፤ ጭሱ ራሱን የቻለ ጠላት ነው። ደረትህን የሚያምህ ወይም የሚያዞርህ ከሆነ ግን ከፍታ ነው ብለህ አትቀመጥ፣ ታከም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። መሮጥ መጀመሬን የሥራ ባልደረቦቼ ሲሰሙ «ኢትዮጵያዊ አይደለህ? ጥለኸን ትበራለህ!» ይሉኛል። አብሬያቸው ስወጣ ግን ከሁሉም ኋላ ነኝ። ስለዚህ አሁን በሌሊት ብቻዬን ነው የምሮጠው። ማፈሬን ለማንም አልተናገርኩም።

መልስ፦ ስለነገርከን አመሰግንሃለሁ። ይህን ሸክም የምትሸከመው አንተ ብቻ አይደለህም፣ እዚህም መንገድ ላይ «ቀነኒሳ!» የተባለ ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡት ከአርሲ፣ ከበቆጂ አካባቢ ነው፤ እጅግ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ኃይሌ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ደብተሩን በግራ እጁ ይይዝ ስለነበር ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የመሮጥ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ፍጥነት በደጋ፣ በልጅነትና በዓመታት ልፋት የተገነባ ነው። ፓስፖርት ላይ አይጻፍም። አንተ ምናልባት በታክሲ ትምህርት ቤት ሄደህ፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ትውላለህ። ለባልደረቦችህ «ገና መጀመሬ ነው» በላቸውና በብርሃን ሩጥ። የሌሊቱ አስፋልት ለደኅንነትህም ጥሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። ስኳር አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ። ሐኪሜ ተንቀሳቀሺ ብሎኛል። ልጆቼ ግን አካሄዴን አይተው «እማ፣ ይሄ ሩጫ አይደለም» ይሉኛል።

መልስ፦ እናቴ፣ ልጆችዎን ተዋቸው፣ ሐኪምዎን ይስሙ። ፈጠን ያለ እርምጃም ጡንቻዎ ከደም ውስጥ ስኳር እንዲወስድ ያደርጋል። ሁለት ነገር ግን አደራ። የሚወስዱት ኢንሱሊን ወይም ስኳር በጣም የሚያወርድ መድኃኒት ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ፣ ኪስዎ ውስጥም ከረሜላ አይጥፋ። ላብ ላብ ካለዎትና እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ቆመው ከረሜላውን ይብሉ። ሌላው፣ ቤት ሲመለሱ እግርዎን በደንብ ይዩ። ስኳር ያለበት ሰው ጫማ የላጠው ቁስል ላይሰማው ይችላል።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀለል አድርገው። ከማፍጠሪያው ወይም ከመግደፊያው ሰዓት ቀደም ብለህ ሃያ ደቂቃ ከሮጥክ ወዲያው ውኃና ምግብ ታገኛለህ። በእነዚህ ሳምንታት ፍጥነትህ ቢቀንስ አትቁጠረው።

ጥያቄ፦ ከጉልበቴ በታች ፊት ለፊት ያለው አጥንቴ ያመኛል። ፍጥነት ስጨምር ይብሳል።

መልስ፦ ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራሉ፣ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሽሽ «እችላለሁ» ሲል እግርሽ ገና አልደረሰም። ለአንድ ሁለት ሳምንት በእግር ሂጂ፣ ስትመለሺ አስፋልቱን ትተሽ ሣር ወይም አፈር ላይ ሩጪ። ሕመሙ በአንድ ጣት የምትጠቁሚው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰሽ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጫማም አስቢበት። ሳልቫጅ ተራ የሚገኘው ክፉ አይደለም፣ ግን ሶሉን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ተይው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ መቼ ነው የምፈጥነው?

መልስ፦ ይህን የጠየቁኝ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ሳታቋርጡ 30 ደቂቃ መሮጥ ቻሉ፣ በማንኛውም ዝግታ። ለብዙ ሰው ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሶምሶማው ሲያልቅ፣ ለ20 ሰከንድ ያህል ፈጠን ብሎ መሮጥና እስኪያርፉ በእግር መሄድ፤ ይህንን አራት ጊዜ ብቻ። ሌሎቹን ቀናት እንደነበሩ ተዉአቸው። በወር አንዴ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ሩጡና ያኔ ብቻ ሰዓታችሁን እዩ። የአንድ ቀን ፍጥነት በእንቅልፍ ማነስ፣ በፀሐይ፣ በሐሳብም ይቀንሳል።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ወር አልፎ ወር ሲተካ ከመሻሻል ይልቅ እየደከማችሁ ከሄዳችሁ፣ ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ የሚመታ ከሆነ፣ ደም ተመርመሩ። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት አይረን፣ ለደም የሚያስፈልገው ማዕድን፣ ሊያንሳት ይችላል። አብራን የምትሮጥ አንዲት ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ራሷን «ሰነፍ» ስትል ቆይታ የደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ስንፍና ብላ ራሷን የወቀሰችበት ዓመት እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ታላቁ ሩጫ ላይ መጨረሻ ብወጣስ?

መልስ፦ ከተጀመረበት እ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ለ10 ኪሎ ሜትሩ የሚወጣው ሕዝብ አብዛኛው እየጨፈረ፣ እየዘፈነ፣ ፎቶ እየተነሣ ነው የሚሄደው። መሀል ከገባሽ መሮጥ ብትፈልጊ እንኳን መንገድ አታገኚም። ተመዝገቢ።

ጥያቄ፦ የገርጂዋ ነኝ። ዛሬ ስልኬን ቤት ትቼ ወጣሁ። 35 ደቂቃ ሳልቆም ሮጥኩ፣ ግን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አላውቅም። ችግር አለው?

መልስ፦ ምንም የለውም። ደብተር ላይ «35 ደቂቃ፣ ሳልቆም» ብለሽ ጻፊ፣ ቀኑንም አትርሺ። ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጃንሜዳ በር ላይ ነን፤ ከመጣሽ ከአንቺ ጋር ከኋላ የምሮጠው እኔ ነኝ።