ሐዘን ነው ወይስ ኩርፊያ?

ጥያቄ፦ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የኤድጋር ዴጋን «የቤሌሊ ቤተሰብ» የተባለ ሥዕል ኅትመት ሳሎን ሰቅለናል። እህቴ «ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ጥቁሩን አታይም?» ትላለች። እኔ ግን ባልና ሚስቱ የተኳረፉ ይመስለኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ስለ ጥቁሩ እህትዎ ልክ ናቸው። ቆማ የምትታየው ላውራ የሠዓሊው አክስት ናት። አባቷ ኢሌር የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ዴጋ ፍሎረንስ እነሱ ቤት የከረመውም በዚያው ዓመት ነበር። ከላውራ ራስ ጀርባ የተሰቀለችው ትንሽ የፊት ንድፍ የሟቹ ናት።

ቤቱን ያቀዘቀዘው ሐዘኑ ብቻ ነው ቢሉኝ ግን አልቀበልም። ለቅሶ ቤት ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። እዚህ ባልየው ጄናሮ ጀርባውን ሰጥቶን፣ እሳት ማንደጃው አጠገብ ዘፍ ብሏል። አንገቱን ወደ እነሱ ቢያዞርም ለመነሳት የሚያስብ አይመስልም። ሚስቱ ደግሞ እሱን አልፋ ሌላ ቦታ ታያለች። የጠረጴዛው እግርና የማንደጃው ጠርዝ ቀጥ ብለው ወርደው እሱን ለብቻው ከልለውታል። ልብሱም የእሷን ያህል አልጠቆረም።

ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጄናሮ በፖለቲካ ምክንያት ከኔፕልስ የተሰደደ ሰው ነው። ላውራም ለዴጋ በጻፈችው ደብዳቤ በባሏ ጠባይ መማረሯን ነግራዋለች።

እኔን የሚይዙኝ ግን ልጆቹ ናቸው። ጆቫና እጇን አጣምራ ቆማለች፤ የእናቷ እጅ ትከሻዋ ላይ ነው። ለማን እንደወገነች ግልጽ ነው። መሃል ያለችው ጁሊያ ግን አንድ እግሯን አጥፋ ተቀምጣበታለች። የሚታየን አንዱ እግሯ ብቻ ነው። ፊቷን ወደ አባቷ በኩል መለስ አድርጋለች፣ ግን ተነስታ አትሄድም። ልጅ እንዲህ የሚቀመጠው ትልልቆቹ ሳይነጋገሩ ሲውሉ ነው። (በቀኝ ጥግ ወጥቶ የሚሄደውን ውሻ አይተውታል? ራሱ ከሥዕሉ ውጪ ቀርቷል። ከሁሉም ብልጡ እሱ ነው።)

ዋናው ሥዕል ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ነው ያለው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በኅትመት ጠበብ ያለው የባልና ሚስቱ ርቀት እዚያ የእውነት ርቀት ይሆናል። እስከዚያው ግን እህትዎን ይጥሩና ጁሊያን በመዳፍዎ ይሸፍኗት። ከዚያ ላውራንና ጄናሮን የሚያገናኝ ምን እንደቀረ እሳቸውን ይጠይቋቸው።