የተማሪ ደመወዝ ድጎማ ለመጠየቅ ሲያስቡ፣ መጀመሪያ የሾፌሮችዎን አከፋፈል ይመልከቱ

ጥያቄ፦ ካልጋሪ ውስጥ ስድስት ከባድ መኪና ያለው ድርጅት አለኝ። ጭነት የምናደርሰው ወደ ቫንኩቨርና ዊኒፔግ ነው። ከአገር ቤት ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው የወዳጄ ልጅ ኮሌጅ ሰፕላይ ቼይን ይማራል፤ በሰመር ዲስፓች (መኪናና ሾፌር ለጭነት መመደብ) ላይ ሊሠራልኝ ይፈልጋል። መንግሥት ተማሪ ለሚቀጥር የትራንስፖርት ድርጅት የደመወዙን ግማሽ ይመልሳል ሲባል ሰማሁ። ለሾፌሮቼ በምከፍልበት መንገድ ከፍዬው ድጎማውን መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ የሰሙት ድጎማ የፌዴራሉ መንግሥት የተማሪዎች የሥራ ልምምድ ፕሮግራም ነው። በከባድ መኪና ዘርፍ ትራኪንግ ኤችአር ካናዳ የተባለው የዘርፉ የሰው ኃይል ድርጅት «ካሪየር ኤክስፕረስዌይ» በሚለው መርሐ ግብሩ ያስተናግደዋል። በመደበኛው የደመወዙን 50 በመቶ፣ እስከ 5,000 ዶላር ይመልሳል። ተማሪው የመጀመሪያ ዓመት፣ አዲስ መጤ ወይም ነጭ ካልሆኑት ማኅበረሰቦች ወገን ከሆነ ደግሞ 70 በመቶ፣ እስከ 7,000 ዶላር ይደርሳል። በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 35 ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት ቢሠራ ደመወዙ 11,200 ዶላር ይሆናል። 70 በመቶው 7,840 ቢሆንም የሚመለስልዎ 7,000 ብቻ ነው። ሥራው ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ኮሌጁ እንዲያረጋግጥ ያድርጉ፤ ልጁ ሥራ ከመጀመሩም በፊት ያመልክቱ። ለዚያው ደመወዝ ካናዳ ሰመር ጆብስ የተባለውን ሌላ የፌዴራል ድጎማ ደርቦ መውሰድ አይቻልም። የሚመለስልዎ ገንዘብም ለድርጅትዎ ገቢ ሆኖ ግብር ይታሰብበታል።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልግባ። ልጁ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው አሉ እንጂ በምን ወረቀት እንዳለ አልጠቀሱም። ለዚህ ድጎማ የሚበቃው የካናዳ ዜጋ፣ ፒአር (ቋሚ ነዋሪ) ወይም ጥገኝነቱ ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ ነው። በስተዲ ፐርሚት (በተማሪ ፈቃድ) ያለ ልጅ መሥራት ቢፈቀድለትም ድጎማው አይመለከተውም። የሥራ ሰዓቱም ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት በ24 ሰዓት የተገደበ ነው። ወረቀቱን በዓይንዎ ይዩ፣ ኮፒውን ይያዙ፤ ከተጠራጠሩ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩት። ወዳጅዎን ላለማስቀየም ብለው ይህን አይዝለሉት፤ ቢበላሽ የሚጎዳው ልጁ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ለሾፌሮቼ በምከፍልበት መንገድ» ያሉት ነው። እንዴት እንደሚከፍሏቸው አልጻፉልኝም። እንደምገምተው እያንዳንዱ ሾፌር ኮርፖሬሽን ከፍቶ፣ የእርስዎን መኪና እየነዳ፣ ኢንቮይስ ያስገባል፤ እርስዎም ምንም ሳይቆርጡ ቼክ ይጽፋሉ። በዘርፉ «ድራይቨር ኢንክ» የሚባለው ይህ ነው። ግምቴ ልክ ከሆነ እባክዎ ማመልከቻውን ከመላክዎ በፊት ቀጣዩን በጥሞና ያንብቡ።

ድጎማው የሚመለሰው ለደመወዝ ነው። ደመወዝ መሆኑ የሚታወቀውም በፔይሮል (በመደበኛ የደመወዝ መዝገብ) ሲከፈል፣ የጡረታ መዋጮ፣ የሥራ አጥ መድንና የገቢ ግብር ሲቆረጥበት፣ በዓመቱ መጨረሻም ቲ4 (የዓመቱን ደመወዝና ተቆራጭ የሚያሳይ ቅጽ) ሲወጣለት ነው። በኢንቮይስ የተከፈለ ተማሪ ድጎማ አያስገኝም። በየጊዜው ያየሁት ስህተት እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ አራት ወር በኢንቮይስ ወይም በኢ-ትራንስፈር ይከፈለዋል፣ ከዚያ የክፍያ ማስረጃ ሲጠየቅ ወደኋላ ተመልሶ ፔይ ስተብ (የደመወዝ መክፈያ ወረቀት) ይሠራል። ይህን በፍጹም አያድርጉ። ለመንግሥት ገንዘብ ሲሉ ያልነበረ ሰነድ ማቅረብ በወንጀል ሊያስጠይቅዎ ይችላል።

ልጁን ብቻ በፔይሮል አድርገው ሾፌሮቹን እንደነበሩ ቢተዉስ? ያኔ ድርጅትዎ አንድ ተማሪ ብቻ በደመወዝ ይዞ ስድስት መኪና የሚያንቀሳቅስ መሆኑ በገዛ ሰነድዎ ይታያል። መኪናው የማን ነው? ጉዞውን የሚመድበው ማን ነው? ናፍጣውንና ኢንሹራንሱን የሚከፍለው፣ ኪሳራ ቢመጣ የሚሸከመው ማን ነው? መልሱ ሁሉ «እኔ» ከሆነ፣ ውሉ ላይ «ኮንትራክተር» ተብሎ መጻፉ ብዙ አያግዝዎትም። በራሱ መኪና የሚሠራ ኦውነር ኦፐሬተር ጉዳይ የተለየ ነው።

መኪናዎችዎ የክፍለ ሀገር ድንበር ስለሚሻገሩ የሚገዛዎ የአልበርታ የሥራ ሕግ ሳይሆን የፌዴራሉ የካናዳ የሥራ ሕግ ነው፤ ቢሮ ለሚቀመጠው ተማሪም ጭምር። ይህ ሕግ ከጥር 1 ቀን 2021 (በፈረንጆች) ጀምሮ ሠራተኛን ሠራተኛ እንዳልሆነ አድርጎ መያዝ ይከለክላል፤ «ሠራተኛዬ አይደለም» የሚለውን የማስረዳት ሸክምም በአሠሪው ላይ ነው። በግብር በኩል፣ መቆረጥ የነበረበት ሳይቆረጥ ሲቀር የሠራተኛውንም የአሠሪውንም የጡረታና የመድን ድርሻ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ከላዩ ቅጣትና ወለድ አለ። ድርጅቱ መክፈል ቢያቅተው ዳይሬክተሩ በግል ሊጠየቅ ይችላል። ሾፌሩም አያተርፍም፤ ኮርፖሬሽኑ የአነስተኛ ንግድ የግብር ቅናሽ ስለሚነፈገው በአልበርታ ከ11 በመቶ ይልቅ 41 በመቶ ሊከፍል ይችላል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» የሚሉኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ ኦዲተር ፊት ግን ይህ መልስ አይሆንም።

ስለዚህ ለልጁ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በፔይሮል ይክፈሉት። የፔይሮል አካውንት ከሌለዎት ከሲአርኤ (ከካናዳ ግብር መሥሪያ ቤት) ይክፈቱ፣ ቲዲ1 የተባለውን የግብር ቅጽ ያስሞሉት፣ ሰዓቱን በየቀኑ ይመዝግቡ፣ በባንክ ይክፈሉ። የተቆረጠውንም ለአዲስ አነስተኛ አሠሪ በተለመደው መርሐ ግብር እስከ ቀጣዩ ወር 15ኛ ቀን ያስገቡ።

የሾፌሮቹን ጉዳይ ከማመልከቻው በፊት ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፦ ውሎቹን፣ የሁለት ዓመት ኢንቮይሶችን፣ የመኪናዎቹን ምዝገባና ኢንሹራንስ፣ የዲስፓች መልእክቶችን። ሲአርኤ ሳይጠይቅዎ ራስዎ ቀድመው ከቀረቡ ቅጣት የሚያቀል በፈቃድ የማሳወቅ አሠራር አለ፤ ግን ብቻዎን አይጀምሩት። ከአካውንታንትዎ ጋር የተነጋገሩት በካናዳ ሕግ እንደ ጠበቃና ደንበኛ ምስጢር አይጠበቅም። በመጀመሪያ ጠበቃውን ያናግሩ፤ አካውንታንቱን ወደ ጉዳዩ የሚያስገባው ጠበቃው ይሁን።