«ሪኒውብል» ወይስ «ክሊን»? ለብሪኬት ፕሮፖዛል

እህቴ፣ «የብሪኬት ከሰል ፕሮፖዛሌ ላይ ሪኒውብል ኢነርጂ ብዬ ልጻፍ ወይስ ክሊን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ከቡና ገለፈት ብሪኬት (ተጨምቆ የሚሠራ ከሰል) እሠራለሁ። በዚችው ቃል ስለተንገላታሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. ሪኒውብል ጻፊ። ክሊን እንዳትጽፊ። ሪኒውብል የሚለው ምንጩ ተመልሶ ይተካል ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ቡናው በየዓመቱ ያፈራል፣ ገለፈቱም በየዓመቱ ይመጣል። ክሊን ካልሽ ግን ሲነድ ምን ያወጣል ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። ብሪኬትም ያው ከሰል ነው፤ ቤት ዘግተሽ ብታነጂው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል። ኒውክሌር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ጭስ የለውም፣ ነዳጁ ዩራኒየም ግን ተቆፍሮ የሚያልቅ ስለሆነ ሪኒውብል አይባልም።

2. ገለፈቱ ከየት መፈልፈያ እንደሚመጣ እዚያው አረፍተ ነገር ላይ ጨምሪ። ይህን የምልሽ ወድጄ አይደለም። እኔ የሄድኩበት ቢሮ (ስሙ ይቅር) ያለው ባለሙያ ገጹን እንኳ ሳይገልጥ «ከሰል ደን ይጨርሳል፣ ሪኒውብል ማለት ሶላር ነው» አለኝ። ገለፈት እንጂ ዛፍ አይደለም ስለው «አታስተምረኝ» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ያውም ባለጉዳይ ተሰልፎ እያየ! ቁጭ በል እንኳ አላለኝም።

እኔም ለሱ አልተኛሁለትም። ከጀርባው የሕዳሴ ግድብ ፎቶ ተሰቅሏል። «ታዲያ ይሄስ ሶላር ነው?» አልኩት። የግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ከውኃ ነው። የአዳማና የአሸጎዳው ከነፋስ፣ የአሉቶ ላንጋኖው ከመሬት ውስጥ እንፋሎት ነው። ሁሉም ሪኒውብል ይባላሉ። ከተሰለፉት አንዱ ሳቀ፣ ሰውየው ግን ፊቱን አጠቆረ። ኋላ ኃላፊዋ ጋ ገብቼ አስረዳሁ። እሷ አንብባ ፈረመች። ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት እኮ!

3. እንጨት የምትቀላቅዪ ከሆነ ጥንቃቄ አድርጊ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በሚያድገው ልክ ከተቆረጠ ሪኒውብል ነው። ግራር እየጨፈጨፉ ሳይተኩ ማክሰልን ግን ማንም እንደዚያ ብሎ አይቀበልሽም።

ባትሪም ካለሽ «ሪቻርጀብል» (ተመልሶ ቻርጅ የሚደረግ) ነው የሚባለው፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ደግሞ የድጋፍ ውሉ ላይ «ለአንድ ዓመት፣ ሪኒውብል» የሚል ካየሽ ስለ ኃይል አይደለም። ውሉ ሊታደስ ይችላል ማለት ነው፣ የግድ ይታደሳል ማለት አይደለም። ጊዜው ሳያልቅ ማመልከቻ አስገቢ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደስኩት።

ገለፈት አቅራቢ ካጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ጅማ በኩል የማውቃቸው አሉ።