ጠይቁኝ፦ ዓይንና ጆሮ ያመጡትን አንጎል ምን ያደርገዋል?

የሰውና የጦጣ አንጎል እንዴት እንደሚያይና እንደሚሰማ ሳጠና ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓይን እንደ ካሜራ ፎቶ አንስቶ ለአንጎል ይልካል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። ይህ አባባል ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል፤ አንጎል የሚያየውን ከቁርጥራጭ ነው የሚገነባው። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በማደንዘዣ በተኛች ድመት አንጎል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ (የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነብ ሽቦ) አስገብተው የአንዲት ሴል ምልክት በድምፅ ማጉያ ያዳምጡ ነበር። በመስታወት ላይ ያለ ነጥብ በስክሪን እያሳዩ ለሰዓታት ሞከሩ። ሴሏ ዝም። መስታወቱን ሲቀይሩ ግን የጠርዙ ጥላ ስክሪኑን አቋርጦ አለፈ፣ ሴሏም ተንጣጣች! ስትጠብቅ የነበረው በአንድ አቅጣጫ የዘመመ መስመር ኖሯል። በማካክ ጦጣም እንዲህ ያሉ ሴሎችን አገኙ፤ በ1981 ኖቤል ተሸለሙ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፣ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መስመሩ እንዴት ፊት ይሆናል?

መልስ፦ ደረጃ በደረጃ። ከጭንቅላታችን ኋላ ተነስቶ በጆሮ በኩል ወደ ፊት የሚሄደው መንገድ «ምንድን ነው?» የሚለውን ይሠራል። ወደ አናት የሚወጣው ደግሞ «የት ነው? እንዴት ልያዘው?» የሚለውን። በመጀመሪያው መንገድ ላይ ፊትን ለመለየት የተመደቡ ቦታዎች አሉ። በ2006 በታተመ የማካክ ጥናት፣ ከእነዚህ በአንዱ ከተመዘገቡት ሴሎች 97 በመቶው ከሌላ ነገር ይልቅ ለፊት የሚነቁ ነበሩ።

ጥያቄ፦ በጨለማ ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው በምንድን ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ጆሮ ቦታን አይመዘግብም። የውስጠኛው ጆሮ ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል የሚለየው ቅጥነትንና ውፍረትን ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ በመግቢያው፣ ወፍራሙን በጫፉ። ቦታውን አንጎል ራሱ ያሰላል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ለቀኝ ጆሮ ቀድሞ፣ ጎላም ብሎ ይደርሳል። በሰው ላይ የጊዜው ልዩነት ቢበዛ የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ የአንጎል ግንድ ግን ይለካዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ሰው ልክ ከፊታችሁና ልክ ከኋላችሁ ጣቱን ያጩህ። ልዩነቱ ዜሮ ስለሚሆን ትሳሳቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ማየት ይፈጥናል መስማት?

መልስ፦ ከቅርብ ከሆነ መስማት። የጆሮ ሴል በንዝረት ወዲያው ይከፈታል፤ የዓይን ሴል ግን ብርሃኑን በኬሚካል ሂደት መቀየር አለበት።

ጥያቄ፦ ሁለቱስ የት ይገናኛሉ?

መልስ፦ በብዙ ቦታ፤ አንዱ ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከንፈሩ «ጋ» የሚል ሰው እያየን ድምፁ «ባ» ቢሆን ብዙዎቻችን «ዳ» እንሰማለን፤ ይህ በ1976 ታወቀ። ማካክም ፊትና ድምፅን ያዛምዳል። ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን አሳይተው የአንዱን ድምፅ ብቻ ሲያሰሙት፣ ድምፁን የሚያወጣውን ፊት አብልጦ ያያል። ማንም አላሠለጠነውም።