ለበዓል ጥያቄዎቻችሁ፦ ውጭ ላሉትም፣ ለሚመጡትም

ታኅሣሥ ሲጋመስ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ መልኩ ይለወጣል። ሌላ ጊዜ ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ትምህርት ትጠይቁኛላችሁ። አሁን ግን ወሬው ሁሉ ባሕር ማዶ ስላሉት ነው። እኔም ይሄ ሰሞን ያሳስበኛል። ገንዘብ ይላካል፣ ዕቃ ይላካል፣ ቤት ይዘጋል፣ ሰው ይቸኩላል። ሌባ ደግሞ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው።

«ልጄ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። በቴሌግራም በእሷ ስም "እማዬ፣ ችግር ላይ ነኝ፣ 15 ሺህ ብር ቶሎ በዚህ ሒሳብ አስገቢልኝ፣ ደውዬ ማውራት አልችልም" የሚል መልእክት መጣልኝ። ፎቶው የሷ ነው። ምን ላድርግ?» — እናት፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ

እናቴ፣ ምንም አይላኩ። መጀመሪያ ይደውሉላት። በቴሌግራም ሳይሆን በራሷ ስልክ ቁጥር። ካላነሳች አብራት የምትውል የአገር ልጅ ይፈልጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። አንድ ሰው «ውድድር ላይ ነኝ፣ ድምፅ ስጪኝ» ብሎ ሊንክ ይልክላታል። ወይም «በስህተት ወደ አንቺ የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ» ይላታል። ያቺ ባለ 5 አሃዝ ቁጥር የቴሌግራሟ ቁልፍ ናት። ሌባው ከገባ በኋላ የቆየ ወሬያችሁን ቁጭ ብሎ ያነባል። «እማዬ» ብላ እንደምትጠራዎት፣ ለበዓል ስንት እንደምትልክ፣ ወንድሟ ታሞ እንደነበር፣ ሁሉን ከዚያ ያገኘዋል። አነጋገሩ የልጅዎን የሚመስለው ለዚህ ነው። «ማውራት አልችልም» ያለው ደግሞ ድምፁ እንዳያጋልጠው ነው።

የድምፅ መልእክት ቢመጣም ወዲያው አይመኑ። ዛሬ የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር ማስመሰል ይቻላል። ስለዚህ ከልጅዎ ጋር አንድ የቤተሰብ ጥያቄ ይያዙ። አንዲት የማውቃቸው እናት «ያቺ ነጭ ላማችን ስሟ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጃቸው ስሟን ሳታስብ ትጠራለች። ሌላ ሰው ከሆነ «አሁን ለዚህ ጊዜ የለኝም» ይላል። በቃ፣ ታወቀ። ብቻ መልሱ በቴሌግራም ተጽፎ የማያውቅ ነገር ይሁን።

ገንዘቡን ልከው ከሆነም አይደብቁ። በንግድ ባንክ ከሆነ ያኔውኑ 951 ይደውሉ። ከዚያ መልእክቱን ሳያጠፉ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። ብዙ እናቶች «ልጆቼ ምን ይሉኛል» ብለው ዝም ይላሉ። እርስዎ ዝም ካሉ ያው ሰው በዚያው ሒሳብ ነገ የጎረቤትዎን ገንዘብ ይወስዳል።

እውነት ችግር ገጥሟት ቢሆንስ? ያኔም ለማይታወቅ ሰው ገንዘብ ማስገባት አይረዳትም። እሷ እዚያው ሆና የምትደውልበት የኤምሬትስ ፖሊስ ቁጥር 999 ነው። ዱባይ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ። የፓስፖርቷ ፎቶ፣ የአሠሪዋ ስምና የቤቱ አድራሻ ዛሬውኑ ደብተር ላይ ተጽፎ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። እናት እጅ ላይ ያለ አድራሻ ስንት ልጅ ሊያተርፍ እንደሚችል ሳስብ፣ ለምን ሁሉም ቤት እንደማይኖር አይገባኝም።

«የፌስቡክ ጓደኛዬ እንግሊዝ አገር ነው ያለው። የገና ስጦታ ልኬልሻለሁ፣ ውስጡ ፓውንድም አለ አለኝ። ትናንት "ጉምሩክ ነን" ያለ ሰው ደውሎ 20 ሺህ ብር በአንድ ሰው ሒሳብ ክፈዪ አለኝ።» — ከፋሲሎ

እህቴ፣ ስጦታው የለም። የምታውቂው ሰውዬም የለም። ጉምሩክ ቀረጥን በግለሰብ ሒሳብ አይሰበስብም። ብትከፍዪ ነገ «ቅጣት አለበት» ብለው ሌላ ይጠይቁሻል። ወራት ያወራሽው ሰው ውሸት መሆኑን መስማት እንደሚያም አውቃለሁ። ሁለቱንም ቁጥር ዝጊ፣ ዛሬ ማታ ብቻሽን አትሁኚ፣ ለምታምኛት ጓደኛ ንገሪያት።

«ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለገና ባሕር ዳር መጥቼ ጥምቀትን አክብሬ እመለሳለሁ። አምና ጎረቤቴ ከዕረፍት ሲመለስ በሩ ተሰብሮ ጠበቀው። ቤቴን እንዴት ትቼው ልምጣ?»

ሰው የሌለበት ቤት ከውጭ እንዳያስታውቅ አድርግ። ከፖስታ ሳጥንህ ጀምር። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከ3 እስከ 30 ቀን ድረስ ደብዳቤህን በነፃ ያቆይልሃል፣ በድረ ገጹ መሙላት ነው። በኢንተርኔት ያዘዝከው ዕቃ ካለ ከመነሳትህ በፊት እንዲደርስ አድርግ። በፈረንጅ ገና ሰሞን ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ካርቶን ብዙ አይቆይም።

ሳሎን ውስጥ አንድ ሁለት መብራት በሰዓት የሚበራና የሚጠፋ አድርግ። በረዶ ቢጥል መግቢያህን የሚጠርግልህ ሰው ያዝ። በረዶ ጥሎ ሦስት ቀን ዱካ የሌለበት በር ባለቤቱ እንደሄደ ይናገራል። መኪናህን ትተህ የምትሄድ ከሆነ ጎረቤትህ አልፎ አልፎ ያንቀሳቅሰው።

ጣና ላይ በጀልባ ሆነህ የምትነሳውን ፎቶ ደግሞ ስትመለስ ለጥፈው። የቦርዲንግ ፓስህን ፎቶ ግን ያኔም አትለጥፍ። ባርኮዱ ላይ ስምህና የጉዞ መረጃህ አለ።

እዚያው ለሚቀሩት ወዳጆችህም ይህን ንገርልኝ። ከዲሴምበር 25 በኋላ ጥበቃው ሁሉ ይላላል። የኛ ገና ግን ጃንዋሪ 7 ነው። የዋዜማው ሌሊት ሐበሻው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያድረው፣ መኪናው ደጅ ተደርድሮ። ወንበር ላይ የተተወ ቦርሳ ካለ መስታወት መስበር የደቂቃ ሥራ ነው። ቦርሳውን ከኋላ የሚያስገቡት ደግሞ ከቤት ሳይነሱ ይሁን። እዚያ ደርሰው፣ ነጠላ እያስተካከሉ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍተው ሲያስገቡ የሚያይ ሰው ያያል።

«እህቴ ቤይሩት ናት። የስድስት ወር ደመወዟን ለበዓል በሚመጣ ሰው እጅ ልትልክ ነው። ሰውየውን በደንብ አናውቀውም።»

አትላክ። በባንክ ወይም በሕጋዊ ገንዘብ አስተላላፊ ትላክ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ። በእጅ የሄደ ገንዘብ ቢጠፋ የምታሳዩት ወረቀት የላችሁም። እሷም ስትመጣ ያልከፈተችውን የሰው ካርቶን እንዳትይዝ።

«ከቶሮንቶ ልመጣ ነው። ለጥምቀት ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና ብሄድ ምን ይመስልሃል? ባሕር ዳር ላይስ ምን ልጠንቀቅ?»

መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ድሮ የግማሽ ቀን ጉዞ ነበር። አሁን ግን በክልላችን መንገዶች ላይ እገታ የብዙ ቤት ሐዘን ሆኗል። ፋሲል መዋኛን ማየት የግድ ከሆነብሽ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ግቢ። እዚሁ የምትንቀሳቀሺም ከሆነ ጠዋት ጠዋት የአካባቢውን ሰው ጠይቂ፣ ሳይመሽ ግቢ። የመምጫሽን ቀን ከቅርብ ቤተሰብ ውጭ ማንም ባያውቀው እመርጣለሁ።

ዶላርሽን ባንክ ዘርዝሪ። መንገድ ላይ «እኛ የተሻለ እንሰጣለን» የሚል ካለ እለፊው። ባጃጅ ሳትገቢ ዋጋውን ተነጋገሪ፣ ስልክሽን በባጃጁ በር በኩል አትያዢ።

ጥምቀት ላይ ዋናው ስልክ ነው። ታቦቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ ይቀርጻል፣ እልል ይላል፣ ይገፋፋል። በዚያች ሰዓት የኋላ ኪስሽን የሚያይልሽ የለም። የአንገት ወርቅሽን ቤት ተይው። ፎቶሽን ቀደም ብለሽ ሰፋ ካለ ቦታ አንሺ፣ ከዚያ ስልክሽን ለእናትሽ ስጫት። ገንዘቧን ቋጥራ በያዘችበት በነጠላዋ ጫፍ ትጠቀልለውና ጉያዋ ታደርገዋለች።