መልስ፦ ቀኑ ሲያጥር ከልጆች ጋር ምን እናድርግ?

እህቴ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምርና ቶሎ ሲመሽ ልጆቹ ቤት ውስጥ ይነጫነጩብኛል ብለሻል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከመስከረም 13 ገደማ ጀምሮ ሌሊቱ ከቀኑ ይረዝማል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ 20 ደቂቃ እንኳ ወጣ በሉ።

ቅጠል ልቀሙ። ለምን ቢጫ ሆነ ማለታቸው አይቀርም። ቢጫው ሞቃቱን ወራት ሁሉ እዚያው ነበር፣ ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ሸፍኖት ነው። ክሎሮፊሉ ሲፈርስ ቢጫው ብቅ ይላል። ቀዩ ግን በአብዛኛው ያኔ አዲስ የሚሠራ ነው። ልጄ ይህን የሰማች ቀን አረንጓዴ ቅጠል እያገላበጠች የተደበቀውን ቢጫ ስትፈልግ አንጀቴን በላችው!

ማታ የለቀማችሁትን ከባድ መጽሐፍ መሃል አስቀምጡት። ብርድ ልብስ ለሁላችሁም አንድ ይበቃል፤ ደስታው ተጠጋግቶ መቀመጡ ነው። ስልኩን ብቻ ራቅ አድርጊው።