ጨውና የአምባዛ ዕንቁላል

«የአምባዛ ዕንቁላል ሳስፈለፍል ሻጋታ ያዘብኝ። ጨው ያድናል ሲሉኝ በእፍኝ ጨመርኩ፤ ውኃ በሞላሁ ቁጥርም ደገምኩ። ጥቂት ተፈለፈለ፣ እሱም አለቀብኝ» ሲል አንድ አርቢ ከመራዊ ጠይቆኛል።

ወንድሜ፣ ጨው ማሰብህ ልክ ነው። የጎዳህ መድገሙ ነው። ውኃ ይተናል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። በተነነው ምትክ ንጹሕ ውኃ ብቻ ጨምር፤ ጨው የምትተካው ቀድተህ ለደፋኸው ውኃ ነው።

በአምባዛ ደም ውስጥ ያለው ጨው በሊትር 9 ግራም ገደማ ነው። የቆጋ ግድብም ሆነ የጣና ውኃ ከዚያ እጅግ ያነሰ ጨው ስላለው ወደ ዓሣው ሰውነት ይሰርጋል፤ ዓሣውም ሳያቋርጥ ያስወጣዋል። ትንሽ ጨው ይህን ልፋት ያቀልለታል፣ ሻጋታውንም ያዳክማል። ውኃው ከደሙ ይበልጥ ከጨወየ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውኃ ከፅንሱ እየተመጠጠ ይወጣል። ስንጥቡ (መተንፈሻው) ገና ያልጠነከረ ጫጩት ይህን አይችልም።

ስለዚህ እፍኙን ትተህ በሚዛን ስፈር። በሊትር 2 ግራም ይበቃል፤ ለ100 ሊትር 200 ግራም ማለት ነው። እኔ ከ3 ግራም አላልፍም። በሌላ ዕቃ አሟሟው፣ አጥልለው፣ ቀስ እያልክ ጨምር። ከተፈለፈሉ በኋላም ወደ ንጹሕ ውኃ በአንዴ አትገልብጣቸው፤ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ቀይር።

ሻጋታው የሚነሳው ግን ካልዳበረው ዕንቁላል ነው። የነጣውን ሁሉ በቀጭን ጎማ እየሳብክ አውጣ፤ እሱን ትተህ ጨው ብትጨምር ድካም ነው። ቅዝቃዜም አለ። የአምባዛ ዕንቁላል 28 ዲግሪ ላይ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ 20 ዲግሪ ላይ ከሁለት ቀን ያልፋል፣ ሻጋታውም ጊዜ ያገኛል። የመራዊ ሌሊት ቀላል አይደለምና ማስፈልፈያውን ቤት አስገባው፣ ቴርሞሜትር ይኑርህ። አየር የሚነፋውን ፓምፕም አታጥፋ፤ ጫጩቱ እንደ ትልቁ አምባዛ ከላይ አየር መሳብ የሚችለው ቆይቶ ነው።

ቆሮሶ ብታረባ ጨውን የበለጠ ይችላል፤ እናቲቱም ዕንቁላሏን በአፏ ስለምትይዝ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀንስልሃል።

በሚቀጥለው ዙር ጥቂት ዕንቁላል ያለ ጨው ለብቻው አስቀምጥ። ሁለቱም ዘንድ አብዛኛው ከነጣ ጥፋቱ የጨው አይደለም፤ ዕንቁላሉ ሳይዳብር ቀርቶ ይሆናል። ያኔ ስለ ወላጅ ዓሦችህ ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል አማክር።